የእድር ቤቱ፣ 40ዎቹ ልጆችና 85 ሺህ ብሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦

«ተወልጄ ያደግኩት ተክለሃይማኖት ነው። እኔና አምስት አብሮ አደጎቼ ለሰፈራችን ልጆች አንድ ነገር እንሥራ ብለን 85 ሺህ ብር አዋጥተናል። እድሩ አዳራሹን ለክረምት ፈቅዶልናል። ልጆቹ 40 ያህል ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 12 ዓመት ነው። አብዛኞቹ እናቶች ልብስ አጣቢ፣ እንጀራ ጋጋሪ ወይም ጉሊት ቸርቻሪ ናቸው። ከመሀላችን ግማሹ ቦርሳና ደብተር እንግዛ ይላል። አንዱ ኮምፒውተር ይሁን ይላል። እኔ ደግሞ ለትንንሾቹ መዋዕለ ሕፃናት ብንከፍት ደስ ይለኛል። እርስዎ በሙያው ስላሉ ምን ይመክሩናል?»

እግዜር ይስጥልን። ከደሞዛችሁ ቀንሳችሁ ይህን ማሰባችሁ ልቤን ነክቶታል። በዚህ ሥራ 22 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ አራት ኪሎ አካባቢ አፀደ ሕፃናት አስተምር ነበር። አሁን የአፀደ ሕፃናት መምህራንን አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገራችሁ። በብሩ ዕቃ አትግዙ። የሰው ሰዓት ግዙበት።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የዛሬ 15 ዓመት ገደማ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለ60 ልጆች ቦርሳ፣ ደብተርና ጫማ ሰጥተን ነበር። ሰው ጠርተን፣ ፎቶ ተነሥተን። ጥር ላይ ልጆቹን ልጠይቅ ሄድኩ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ። ጽሑፏ እንዴት ያምራል! ከሰሌዳ የገለበጠችው ነው። መስመሩን አልሳተችም፣ አራት ነጥቡን አልረሳችም። «እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት። ዝም አለች። ጣቷን የመጀመሪያዋ ቃል ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። በገዛ እጇ ከጻፈችው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለችም። ቦርሳው ግን ጀርባዋ ላይ ነበር፣ አዲስ እንደሆነ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ይህች ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። በነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ አምስት ደቂቃ አስነብቧት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይታወቅ ነበር። የጎደላት ያ ሰው ነው።

ደግሞ ዛሬ የደብተሩ ነገር እንደ ድሮው አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች ደንብ ልብስና ደብተር ያቀርባል። ቁርስና ምሳም ይመግባል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በባዶ ሆድ ክፍል ውስጥ ራሱን የሚስት ልጅ ያየ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ቦርሳ የጎደለው ልጅ ካለ ለይታችሁ፣ ማንም ሳያይ፣ ለእናቱ በእጇ ስጧት። ሥነ ሥርዓት አታዘጋጁ። ልጅ ተሰልፎ ዕርዳታ ሲቀበል የተነሣውን ፎቶ ካደገ በኋላም አይረሳውም።

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉት። ማንበብ ለማይችል ልጅ ኮምፒውተር ቴሌቪዥን ነው።

መዋዕለ ሕፃናቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሐሳቡ ደግ ነው። አፀደ ሕፃናት መክፈት ፈቃድ ይጠይቃል። ክፍሉ፣ መጸዳጃው፣ የመምህሯ ሥልጠና ሁሉ ይታያል። መታየቱም ልክ ነው። የሁለት ወር የእድር አዳራሽ ያን አያሟላም። በዚያ ላይ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ በነጻ የሚያስተምሩ የቅድመ አንደኛ ክፍሎች አሉ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት ይኑር ይላል። ታዲያ የእናንተ ሰፈር የ5 ዓመት ልጅ ለምን ቤት ይውላል? ሄዳችሁ እናቶቹን ጠይቁ። ደጋግማችሁ የምትሰሙት ስለ ወረቀት ይመስለኛል። የልደት ምስክር ወረቀት የለም። እናቲቱ ከገጠር መጥታ ከሰው ቤት ተከራይታ የምትኖር ናት፣ መታወቂያ የላትም። ወይም ምዝገባው መቼ እንደሆነ የነገራት የለም። አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ ወረዳ ብትሄድ የዚያን ቀን እንጀራ የለም። «ነገ ተመለሺ» ከተባለች ደግሞ አትመለስም።

እዚህ ላይ ነው እናንተ የምታስፈልጉት። ከስድስታችሁ አንዱ ሥራው ይህ ብቻ ይሁን። ከእናትየዋ ጋር ወረዳ ይሂድ፣ ወረፋ ይያዝላት፣ ፎርሙን ያንብብላት፣ የቀረውን ማስረጃ ይጠይቅላት። በነሐሴ ወር አሥር ልጆች አስመዝግባችሁ መስከረም ላይ ክፍል ቢገቡ፣ እናንተ ከምትከፍቱት መዋዕለ ሕፃናት የበለጠ ሠርታችኋል። ወጪው የታክሲ ነው።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልምጣ። ማለቴ ከ7 ዓመት በላይ ላሉት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ ማስነበብ ይሁን። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የክፍል ቁጥር ያታልላል። የፊደል ገበታ ፊት ስታቆሙት ብዙው ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያለ በዜማ ይወርደዋል። «ይሄስ ጎበዝ ነው» ትላላችሁ። እንዳትሸወዱ። ገበታውን ሸፍኑና ከመሀል «ሜ»ን ብቻ አሳዩት። ከዚያ ከንፈሩን ተመልከቱ። መ... ሙ... ሚ... ማ... እያለ ከመነሻው ቆጥሮ ነው ሜ ላይ የሚደርሰው። ይህ ልጅ ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሉን ገና ነው። 33 እናት ፊደል በሰባት ቤት 231 መልክ ማለት ነው። አንዷን ለመለየት ሁልጊዜ ከላይ የሚነሣ ልጅ ቃል ሲያነብ መካከል ላይ ይጠፋበታል። ሦስተኛዋ ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋን ረስቷታል።

የድሮ የኔታዎች መድኃኒቱን ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ተበጥብጧል፣ የለመደው ዜማ አይረዳውም፣ ፊደሏን በመልኳ ካልለየ መውጫ የለውም። እኔ አሠልጣኝ ሆኜም ከዚህ የተሻለ መፈተሻ አላገኘሁም። የአቡጊዳ ገበታ ከማንኛውም የፊደል መሸጫ ታገኛላችሁ። ዋጋው ከቦርሳ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ልጆቹን በአራት ክፈሏቸው። ፊደል የማይለዩ፣ ፊደል ለይተው ቃል የማያነቡ፣ ቃል አንብበው ዓረፍተ ነገር የሚከብዳቸው፣ አጭር ታሪክ የሚያነቡ። ልጅን በክፍሉ ሳይሆን በደረሰበት ማስተማር ይባላል። ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት የሠራበት መንገድ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ልጁ ካለበት ደረጃ ተነሥቶ። በየሁለት ሳምንቱ ደግማችሁ አስነብቡና ያለፈውን ወደሚቀጥለው ቡድን አሳድጉ። ልጆቹ ይህን ይወዱታል። ከቡድን ቡድን ማለፍ በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

አንድ ችግር ይገጥማችኋል። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ፊደል ከማይለዩት ጋር ሊመደብ ይችላል። ያፍራል፣ በማግስቱም ይቀራል። ትልልቆቹን ለብቻ አስቀምጧቸው። በዚያ ላይ ሥራ ስጧቸው። ለእያንዳንዱ አንድ አጭር ተረት ይሰጠው፣ ሦስት ቀን ይለማመደው፣ አርብ ለአንድ የ5 ዓመት ልጅ ያንብብለት። የ12 ዓመቱ ልጅ «ላነብለት ስለሆነ ነው» ብሎ ሳያፍር ቀላል ጽሑፍ ይደጋግማል። ትንሹ ደግሞ ተረት ይሰማል። ልጅን በልጅ ማስተማር እኛ አገር አዲስ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍም ይዞታል። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ተረስቷል፣ ያሳዝናል።

ፈቃደኞች ሁልጊዜ ወደ ፈተና ተማሪዎች ያደላሉ። ለሚኒስትሪ፣ ለ12ኛ ክፍል ቱቶሪያል መስጠት ደስ ይላል፣ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ሁሉም ዓይኑን 12ኛ ክፍል ላይ ተከለ። እኔ ግን ትዝ ያለችኝ ያቺ ጣቷን ቃሏ ላይ አድርጋ ያየችኝ ልጅ ናት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ትንንሾቹ።

ፊደላችን የማያሳየው አንድ ነገር አለ። መጥበቅና መላላትን። «አለ» ብለን እንጽፋለን። ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። «ገና» እንደ አነባበቡ በዓሉም ይሆናል፣ ያልደረሰ ነገርም ይሆናል። የሚለየው አንባቢው ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ካወቀው። ስለዚህ አማርኛ ለማንበብ ፊደል መለየት አይበቃም። ብዙ ቃል ሰምቶ ማደግ ይጠይቃል። ብዙ ያልተወራለት ልጅ ፊደሎቹን በትክክል ይጠራቸዋል፣ ቃሉን ግን አያገኘውም። የሦስተኛ ክፍሉ ችግር ከሦስት ዓመቱ የጀመረ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ጥናት ልንገራችሁ፤ ለሠልጣኞቼ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ በድሃ ሰፈሮች፣ በፈረንጆቹ 1986 ላይ የተጀመረ ነው። በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናትን ያዙ። ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉ ናቸው። ለከፊሎቹ የሰፈር ጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው ትመጣለች። ከተጣለ ዕቃ የተሠራ መጫወቻ ይዛ፣ እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ታሳያታለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ቀጠለ። ልጆቹ ከ20 ዓመት በኋላ ሲፈለጉ፣ ሠራተኛዋ ትመጣላቸው የነበሩት ገቢያቸው ካልመጣችላቸው በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ተጨማሪ ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ ለውጥ አልታየም። ምግብ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ወሬና ጨዋታም እንደ ምግብ ይቆጠር ማለት ነው።

እና እናቶቹን ሰብስባችሁ ስለ ልጅ አስተዳደግ ንግግር አታድርጉ። ቤታቸው ሂዱ። በሥራቸው ላይ አግኟቸው። ባለፈው ዓመት ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንዲት ጋጋሪ ጋ ተቀምጬ ነበር። ጠባብ የቀበሌ ቤት ነው፤ ምጣዱ በር ላይ ነው፣ ልጁ አጠገቧ በርጩማ ላይ ነው። አራት ዓመቱ ነው። «ከሱ ጋር ምን አወራለሁ? ጊዜስ የታለኝ?» አለችኝ። «እየጋገርሽ የምትሠሪውን ንገሪው፣ ደግሞ ጠይቂው» አልኳት። ትንሽ አፍራ ጀመረች። «አሁን ምጣዱን አሰስኩ። አሁን ሊጡን አዞርኩ። አክንባሎውን ልክደነው?» ልጁ ዝም። ሁለተኛው እንጀራ ላይም ዝም። አራተኛው ላይ እናቱ «ላውጣው?» ስትል፣ «ገና ነው! እንፋሎቱ አልወጣም!» ብሎ ጮኸ። ክው ብላ አየችው። ያን ቃል ያውቃል ብላ አላሰበችም። ከዚያ ወዲያ እኔ አላስፈለግኩም። ዓይኑ ያማረውንና ያላማረውን እንጀራ እየለየ ይነግራት ጀመር።

ተጨማሪ ጊዜ አልወሰደባትም፤ ከጋገራው አንድ ደቂቃ አልቀነሰችም። ልብስ የምታጥብ እናት ነጭና ባለቀለሙን ልጇ ይለይላት። ቆሎ የምትሸጥ በስኒ ስትሰፍር አብሯት ይቁጠር። እናንተ የምታደርጉት ይህን ማሳየትና በሳምንቱ ተመልሳችሁ «እንዴት ሆነ?» ማለት ነው። መመለሳችሁ ነው ዋናው።

ሰፈራችሁ ውስጥ ቤታቸው ጉራግኛ፣ ስልጥኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ እናቶች ይኖራሉ። ልጃቸው ወደ ኋላ እንዳይቀር ብለው በማይመቻቸው አማርኛ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ያወሩታል። እባካችሁ በራሳቸው ቋንቋ እንደ ልባቸው እንዲያወሩለት ንገሯቸው። በአንድ ቋንቋ የጠገበ ልጅ ሁለተኛውን ይለምዳል። በሁለቱም የተራበ ግን ይቸገራል።

አዳራሹ ውስጥ ለትንንሾቹ መጽሐፍ ባይኖርም ተረት አለ። እድርተኛ የሆኑ አንድ ሴት አያት ጋብዙ። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚል 15 ልጅ ካለ ትምህርቱ ተጀምሯል። ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹ ደግመው ይንገሩ፣ ትንሽ ቢያበላሹትም ይለፍ። እንቆቅልሽም ጥሩ ነው። «ምን አውቅልህ» ብሎ ያሰበ ልጅ ስለ አንድ ነገር ቅርጽ፣ ቀለምና ሥራ እያሰበ ነው። መልሱ ሲጠፋበት «አገር ስጠኝ» ሲባል የሚስቀው ሳቅ ደግሞ በማግስቱ እንዲመጣ ያደርገዋል።

ስለ ብሩ። ትልቁን ድርሻ ለሁለት ሰዎች ክፈሉት። አንዱ ከሰፈሩ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ይሁኑ። ሁለተኛዋ በአፀደ ሕፃናት የሠለጠነችና ሥራ የምትፈልግ ወጣት ትሁን። «እኛ በነጻ እናስተምራለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ደግ ነው፣ አስተምሩ። ግን ሥራ አላችሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዱ ስብሰባ ይኖርበታል፣ ሌላው ይታመማል፣ ዝናቡም አለ። ብዙ ሰው መጥቶ የቀረበት ልጅ ሰው ማመን ያቅተዋል። በየቀኑ የሚመጡ ሁለት ፊቶች ይኑሩ፣ እናንተ ደግሞ በተራ ግቡ። ከተቻለ ለስምንት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይድረስ።

ከቀረው ላይ ለመክሰስ አስቡ። በትምህርት ጊዜ የሚመገበው ልጅ ክረምት ላይ ቤቱ ነው የሚውለው። ዳቦ በሻይ፣ ወይም በሶ በስኳር። የእድሩ ድስትና ብርጭቆ እዚያው አለላችሁ።

አዳራሹ ልቅሶ ሲኖር ይያዛልና አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ያዙ። የአንድ ጎረቤት ግቢ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ይሆናል። ልጅ «ዛሬ የለም» ተብሎ ከተመለሰ በማግስቱ አይመጣም። ወሬውን ለማዳረስ ደግሞ ማስታወቂያ አትለጥፉ። የእድሩን ጥሩምባ ነፊ አነጋግሩ። የትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳለ፣ የትኛዋ እናት በሌሊት እንደምትወጣ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ከልጅ ጋር ማንም ለብቻው አይሁን። ሁልጊዜ ሁለት ትልቅ ሰው፣ በሩም ክፍት። ዱላ የለም፣ ጆሮ መቆንጠጥ የለም። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ከጅምሩ ይወቀው።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀጭን ደብተር ይኑረው፤ የት እንደጀመረና የት እንደደረሰ የሚጻፍበት። መሀል ከተማ ሰው ይነሣል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲነሣ ከማውቃቸው ልጆች አንዳንዶቹ በትምህርቱ መሀል ወደ ከተማው ዳር ሄደው ትምህርት ቤት ቀየሩ። አዲሷ መምህርት የልጁን ደረጃ የምታውቅበት ነገር አልነበራትም። ደብተሩ ለእናቲቱ ይሰጥና አብሯት ይሂድ።

«ስድስት ሰው ምን ይለውጣል?» የሚላችሁ ካለ አቶ አስፋው የምሩን አስታውሱት። ገና በልጅነታቸው፣ ራሳቸው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ፣ ከግቢው ውጭ ዛፍ ሥር የጎዳና ልጆችን ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። ከዚያ አሥረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተወለደ። እስካረፉበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የድሃ ልጆችን በነጻ አስተምረዋል። ሲጀምሩ ቦርሳም ኮምፒውተርም አልነበራቸውም። በየቀኑ ግን ይመጡ ነበር።

ሐምሌ እስኪገባ ቆርኪ ማሰባሰብ ጀምሩ። በየግሮሰሪው በነጻ ይሰጧችኋል። ለአንድ ልጅ 50 ይበቃዋል። መቁጠሪያ ይሆናል፣ ገበጣ መጫወቻ ይሆናል፣ ጀርባው ላይ ፊደል ሲጻፍበት ደግሞ ቃል መገጣጠሚያ ይሆናል። በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ ጠርዙንም በመዶሻ ደፍጥጡት፤ ጣት ይቆርጣል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ታናሽ ተከትሎ ከመጣ ግን ከእጁ አርቁት፣ ይውጠዋል።